ጆርጅ ፐርኪንስ ማርሽ፤ የምድርን ዕዳ የመዘገበ ሰው

ከተራራ ላይ ደን ሲመነጠር አፈሩ እንደሚሸረሸርና ከሥሩ ያለው ማሳ በጎርፍ እንደሚጠረግ ማንኛውም ገበሬ ያውቃል። ገበሬው ይህን ያወቀው በራሱ ማሳ ላይ በደረሰው ጉዳት እንጂ ከመጻሕፍት አይደለም። ይሁን እንጂ በየሸለቆው ተበታትኖ የሚገኘውን ይህን የመሰለ ልምድ ከታሪክ መዛግብት፣ ከመሐንዲሶች ልኬትና ከተጓዦች ማስታወሻ ጋር አገናኝቶ፣ ሰው በሥራው የምድርን ገጽ ምን ያህል እንደለወጠ በአንድ መጽሐፍ አጠቃሎ በማሳየት ግንባር ቀደም ሆኖ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው ጆርጅ ፐርኪንስ ማርሽ ነው። ማርሽ የሥነ ሕይወት ሊቅም፣ መሐንዲስም አልነበረም። ጠበቃ፣ ነጋዴ፣ የሕዝብ እንደራሴና ዲፕሎማት ነበር። በንግድ ሥራው በኩል ሲታይ ደግሞ፣ በኋላ አጥብቆ ከነቀፈው ጥፋት ተካፋዮች አንዱ ራሱ እንደነበረ መናገር ይቻላል። የሕይወት ታሪኩ በተለይ በግንባታ ሥራ ለተሰማሩ ባለሙያዎች ትምህርት የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቶም ተራራ ግርጌ

ማርሽ ማርች 15 ቀን 1801 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በሚገኘው የቬርሞንት ክፍለ ግዛት፣ ውድስቶክ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቻርልስ ማርሽ ስመ ጥር ጠበቃና ለጥቂት ጊዜም በአሜሪካ ኮንግሬስ እንደራሴ ነበር። ቤታቸው ቶም በሚባል ተራራ ግርጌ፣ ኦታኩዊቺ ከተባለው ወንዝ አጠገብ የተሠራ ነበር። ዘመኑ ሠፋሪዎች የቬርሞንትን ደን እየመነጠሩ እርሻና ግጦሽ የሚያስፋፉበት፣ የተቆረጠውን ዛፍ አቃጥለው አመዱን ለፖታሽ ነጋዴዎች የሚሸጡበት ጊዜ ነበር። ቶም ተራራም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም፤ ማርሽ ልጅ ሳለ ቁልቁለቱ አብዛኛውን ደኑን አጥቶ ነበር።

አባቱ በሠረገላ አስቀምጦ ይዞት ሲሄድ የዛፎቹን ስም በየዓይነታቸው ያስጠናው ነበር። አንድ ቀንም ከአንድ ቀጥ ያለ ኮረብታ ጫፍ ሲደርሱ ፈረሱን አቁሞ፣ ውኃው ከዚያ ቦታ ላይ ወዲህና ወዲያ ተከፍሎ እንዴት እንደሚወርድ አሳየው፤ እንዲህ ያለው ቦታ ውኃ ከፋይ እንደሚባልም አስረዳው። ማርሽ ይህን ትምህርት እስከ ሽምግልናው ድረስ አልረሳውም። በሰባትና በስምንት ዓመቱ መካከል ግን የአባቱን ትልልቅ የዕውቀት መዝገቦች በደብዛዛ ብርሃን ሲያነብ ዓይኑን ታመመ፤ ለዓመታትም ማንበብ ተሳነው። በዚህ ጊዜ ሌሎች ሲያነቡለት መስማትና የሰማውን በቃል መያዝ ተለማመደ። መጽሐፍ ባጣበት ጊዜም ደኑንና ወንዙን እየተመለከተ አደገ።

ከዳርትማውዝ ኮሌጅ በ1820 ተመርቆ ለጥቂት ጊዜ ካስተማረ በኋላ ሕግ አጥንቶ በ1825 ጠበቃ ሆነ፤ መኖሪያውንም በርሊንግተን ከተማ አደረገ። በ1828 ሐሪየት ብዩኤልን አገባ፤ ነገር ግን በ1833 ሚስቱንና ታላቁን ወንድ ልጁን በጥቂት ቀናት ልዩነት ሞት ነጠቀው። በ1839 ካሮላይን ክሬንን አገባ። ካሮላይን ጤናዋ ደካማ ቢሆንም የተማረችና ብርቱ ሴት ስለነበረች እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ የሥራ ረዳቱ ሆና ኖረች። ማርሽ በዚህ ሁሉ መካከል ቋንቋ ከማጥናት አልቦዘነም፤ ሃያ ያህል ቋንቋዎችን ያውቅ እንደነበረ ይነገራል። በ1838 ያሳተመው የመጀመሪያ ሥራው የአይስላንድ ቋንቋ ሰዋስው ነበር። ይህ የቋንቋ ችሎታው በኋላ የጀርመን የደን ባለሙያዎችን፣ የፈረንሳይንና የኢጣሊያን መሐንዲሶች፣ የሆላንድንም የውኃ ሥራ ሊቃውንት መጻሕፍት በየቋንቋቸው ለማንበብ አስቻለው።

ነጋዴውና በጎቹ

ማርሽ በጥብቅናው ብዙ ደስታ ስላላገኘ በንግድ ሥራ እጁን አስገባ። በዊኑስኪ ወንዝ ኃይል በሚንቀሳቀስ የሱፍ ፋብሪካ ገንዘቡን አዋለ፤ በግ አረባ፤ እንጨት ነገደ፤ በእብነ በረድ ማውጣትና በባቡር ሐዲድ ኩባንያም አክሲዮን ገዛ። በዚያ ዘመን ቬርሞንት የበግ አገር ነበረች። በ1840 በተደረገው ቆጠራ የሕዝቡ ብዛት 292,000 ያህል ሲሆን፣ የበጎቹ ቁጥር ከ1,600,000 በላይ ነበር። ይህም ማለት ለአንድ ሰው ከአምስት በላይ በግ ይደርስ ነበር ማለት ነው። እነዚህን በጎች ለመቀለብ ከሸለቆው አልፎ የኮረብታው አናት ሳይቀር ተመነጠረ።

የዚህ ውጤት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ታየ። የዛፍ ቅጠል ብስባሽ የሌለበትና በእንስሳት ኮቴ የተጠቀጠቀ ቁልቁለት ዝናቡን ለመምጠጥ አልቻለም። ውኃው በገጹ ላይ እየተንደረደረ አፈሩን ጠርጎ ወደ ወንዙ አወረደው። በፀደይ በረዶው ሲቀልጥ ወንዞች በአንድ ጊዜ እየሞሉ ድልድዮችንና የወፍጮ ግድቦችን ያፈርሱ ጀመር። ማርሽ ፋብሪካውን የሚያንቀሳቅሰው ወንዝ ጠባዩ መለወጡን፣ ለውጡንም ያመጣው ለፋብሪካው ሱፍ የሚያቀርበው የበግ መንጋ መሆኑን ሊያስተውል የሚችልበት ቦታ ላይ ነበር።

በሴፕቴምበር 1847 በሬትላንድ አውራጃ ለተሰበሰቡ ገበሬዎች ያደረገው ንግግር የዚህ ማስተዋል የመጀመሪያ ፍሬ ነው። በዚህ ንግግር የደን መመንጠር በወንዞች ፍሰትና በአፈር ላይ ያስከተለውን ጉዳት አስረዳ። ሰው የአካባቢውን አየር ጠባይ እንኳ ሊለውጥ እንደሚችል፣ ለዚህም ከተሞች ከዙሪያቸው ገጠር ይልቅ መሞቃቸውን በምሳሌነት አነሣ። ደን በአውሮፓ እንደሚደረገው በሥርዓት እንዲቆረጥና እንዲተካ መከረ። የሚያዳምጡት ገበሬዎች የተናገረውን ሁሉ በዓይናቸው ያዩ ነበሩ፤ አዲስ የሆነባቸው ነገሩ ሁሉ አንድ ሰንሰለት መሆኑን መስማታቸው ነው።

በንግዱ ግን አልተሳካለትም። የሱፍ ፋብሪካው ከሰረ፤ የባቡር ሐዲድ አክሲዮኑም ዋጋ አጣ። በ1854 ከውጭ አገር አገልግሎት ሲመለስ ዕዳ ብቻ ጠበቀው። ከዚያ በኋላ ዕዳውን ለመክፈል አያሌ ዓመታት ፈጀበት።

በጥንታውያን አገሮች

ማርሽ ከ1843 እስከ 1849 በኮንግሬስ እንደራሴ ሆኖ ሠርቷል። በዚህ ጊዜ የባርነትን መስፋፋትና በሜክሲኮ ላይ የተከፈተውን ጦርነት ተቃወመ፤ በ1846 የተቋቋመውን የስሚዝሶኒያን ተቋም ለማጠናከርም ብዙ ደከመ። ወዳጁ የሥነ እንስሳት ሊቅ ስፔንሰር ቤርድ በ1850 በዚያ ተቋም ሥራ ያገኘው በማርሽ ድጋፍ ነው። ቤርድ በበኩሉ በ1871 የአሜሪካ የዓሣ ሀብት ኮሚሽን የመጀመሪያ ኃላፊ ለመሆን በቅቷል።

በ1849 ማርሽ በኦቶማን መንግሥት የአሜሪካ ሚኒስትር ሆኖ ወደ ቁስጥንጥንያ ተላከ። በ1851 በዓባይ ወንዝ ላይ ወደ ደቡብ ተጓዘ፤ ከዚያም የሲናን ምድረ በዳና ፍልስጤምን ተመለከተ። በመንገዱም እንስሳትና ዕፀዋት እየሰበሰበ ለስሚዝሶኒያን ይልክ ነበር። በግብፅ፣ ሰዎች በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት በመስኖና በግድብ የለወጡትን ምድር ተመለከተ። በሌላም በኩል ታሪክ በሕዝብ ብዛትና በእህል ብልጽግና የሚያወሳቸው አገሮች ራቁታቸውን ቀርተው፣ ወደቦች በደለል ተሞልተው፣ ከተሞች ፈርሰው አገኘ። በቬርሞንት በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያየው ነገር በእነዚህ አገሮች በሁለት ሺህ ዓመት የተፈጸመ መስሎ ታየው። አሜሪካ ገና በጅምር ላይ እንዳለችና መጨረሻዋ ከፊቱ እንደተዘረጋ አሰበ።

ይሁንና በዚያን ጊዜ የነበረው አስተሳሰብ ከስሕተት የጠራ አልነበረም። የግመልን ጥቅም በምሥራቅ አገር አይቶ ስለነበረ፣ ይህ እንስሳ ለአሜሪካ ደረቅ ምዕራብ እንደሚስማማ በንግግርና በ1856 ባሳተመው መጽሐፍ አስተማረ። ኮንግሬስም በ1855 ለዚሁ ሙከራ 30,000 ዶላር ፈቀደ፤ በ1856ና በ1857 በሁለት ጉዞ ሰባ አምስት ያህል ግመሎች ወደ ቴክሳስ ገቡ። ነገር ግን ሙከራው ሥር ሳይሰድ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ፤ ግመሎቹም ተሸጡና ተበተኑ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማርሽ፣ ሰው ዕፀዋትንና እንስሳትን ካንዱ ምድር ወደ ሌላው ሲያዛውር የሚከተለውን ለውጥ ሲመረምር፣ ከዚህ ዓይነቱ ሥራ ውስጥ እጁን አስገብቶ እንደነበረ ሰው ሆኖ ነው።

ዓሦቹ የጠፉበት ምክንያት

ወደ ቬርሞንት ከተመለሰ በኋላ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ሦስት ሥራዎችን ሰጠው። በ1857 በእሳት የጠፋውን የመንግሥት ሕንፃ መልሶ ለመሥራት ከተሾሙት አንዱ ሆነ፤ ከ1857 እስከ 1859 የባቡር ሐዲድ ኮሚሽነር ሆኖ የኩባንያዎቹን ጉድለት ያለ ፍርሃት አጋለጠ። ሦስተኛው ግን ከሁሉ የበለጠ የሚታወስ ነው። ይኸውም በወንዞች ውስጥ እየጠፋ የሄደውን ዓሣ በሰው ዘዴ አርብቶ ለመተካት ይቻል እንደሆነ አጥንቶ በ1857 ያቀረበው ሪፖርት ነው።

ከእርሱ የተጠየቀው የዓሣ ማርቢያ ዘዴ ነበር። እርሱ ግን አስቀድሞ ዓሦቹ ለምን ጠፉ ብሎ ጠየቀ። ያለ ልክ ማጥመድ አንዱ ምክንያት ቢሆንም ብቸኛው እንዳልሆነ ገለጸ። የወፍጮና የፋብሪካ ግድቦች ዓሦቹ ለመራባት ወደ ላይ የሚወጡበትን መንገድ ዘግተዋል። የመጋዝ ብናኝና የፋብሪካ ቆሻሻ ውኃውን በክሏል። ጥላ የሚሆነው ዛፍ ስለተቆረጠ የውኃው ሙቀት ተለውጧል። ጎርፉ ደግሞ እንቁላሉንና ለዓሣው ምግብ የሚሆኑትን ነፍሳት ጠራርጎ ይወስዳል። ስለሆነም በተራራ ላይ የተቆረጠ ዛፍና በሸለቆ የጠፋ ዓሣ በአንድ ሒሳብ ውስጥ የሚገቡ ናቸው ማለት ነው። ዛሬ የአካባቢ ሥነ ሕይወት የሚባለው የጥናት መስክ የሚከተለው መንገድ፣ ማለትም ሕያዋንን ከሚኖሩበት ውኃ፣ አፈርና አየር ጋር አገናኝቶ የመመርመሩ ዘዴ፣ በዚህ አጭር ሪፖርት ውስጥ በግልጽ ይታያል።

«ሰውና ተፈጥሮ»

በ1861 ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ማርሽን አዲስ በተመሠረተው የኢጣሊያ መንግሥት የአሜሪካ ባለሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር አድርጎ ሾመው። በዚህ ሥልጣን በመጀመሪያ በቶሪኖ፣ ቀጥሎም በፊሬንዜና በሮማ፣ ሃያ አንድ ዓመት ያህል እስከ ሞተበት ቀን ድረስ አገለገለ። አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ እርሱ በአልፕስ ተራራዎች አካባቢ ተቀምጦ ለብዙ ዓመታት ያጠራቀመውን ማስታወሻ ወደ መጽሐፍነት ለወጠ። መጽሐፉ «ሰውና ተፈጥሮ» በሚል ስም በ1864 በኒው ዮርክና በለንደን ታተመ። ማርሽ የ63 ዓመት ሰው ነበር። ከመጽሐፉ የሚገኘውን ገቢ ለጦርነቱ ቁስለኞች መርጃ ለተቋቋመ ድርጅት ሰጠ፤ ዘመዶቹ ግን ድህነቱን ስለሚያውቁ የባለቤትነቱን መብት ገዝተው መለሱለት።

የመጽሐፉ ስድስት ምዕራፎች ከመግቢያው ቀጥሎ ስለ ዕፀዋትና እንስሳት፣ ስለ ደን፣ ስለ ውኃ፣ ስለ አሸዋ፣ በመጨረሻም ሰው ወደፊት በምድር ላይ ሊያደርጋቸው ስላሰባቸው ታላላቅ ለውጦች የሚናገሩ ናቸው። በዚያን ዘመን አብዛኞቹ ሊቃውንት የሚመረምሩት ምድር ሰውን እንዴት እንደ ቀረጸችው ነበር። ማርሽ ጥያቄውን ገልብጦ ሰው ምድርን ምን አደረጋት ብሎ ጠየቀ። የመልሱ ፍሬ ነገር ሰው አስቦ ከሚሠራው ይልቅ ሳያስበው የሚያስከትለው ለውጥ እጅግ እንደሚበልጥ ነው። ገበሬው የፈለገው ማሳ ነው፤ ጎርፉ ግን አብሮ መጣ። አዳኙ ወፍ ገደለ፤ ተባዩ ግን በዛ።

ማርሽ በማስረጃ አጠቃቀሙ ጠንቃቃ ነበር። ደን ዝናብን ይጨምራል የሚለውን በዘመኑ የተስፋፋ እምነት ሲመረምር፣ የተሰበሰበው ልኬት ይህን ለመወሰን በቂ አለመሆኑን ሳይሸሽግ ገልጿል። በአንጻሩ ደን አፈርን አጥብቆ እንደሚይዝና የውኃን ሩጫ እንደሚገታ ያቀረበው ማስረጃ እጅግ የጠነከረ ነበር። የዚህ ማስረጃ ዋነኛ ምንጭ ደግሞ የአንድ ወጣት መሐንዲስ ሥራ ነው።

መሐንዲሶች በማርሽ መጽሐፍ ውስጥ

አሌክሳንደር ሱሬል በፈረንሳይ የመንገድና የድልድይ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ነበር። በደቡባዊው የአልፕስ ክፍል ተመድቦ ሲሠራ፣ ከተራራ የሚወርዱ ድንገተኛ ፈሳሾች መንገድና ድልድይ እያፈረሱ አስቸገሩት። ሱሬል ድልድዩን ደጋግሞ ከመጠገን አልፎ ፈሳሾቹ የሚነሡበትን ቦታ እስከ ላይ ድረስ ወጥቶ አጠና። ደን ባለበት ተዳፋት እንዲህ ያሉ ፈሳሾች እንደማይፈጠሩ፣ ደን በጠፋበት እንደሚፈጠሩ፣ ደኑ ሲመለስም እንደሚሞቱ አረጋገጠ። ጥናቱን በ1841 ሲያሳትም ሃያ ስምንት ዓመት ያህል ነበር ዕድሜው። የፈረንሳይ መንግሥት በ1860 ተራራዎችን እንደገና በደን ለማልበስ ሕግ ያወጣው ከዚህ ጥናት በኋላና ከከባድ የጎርፍ አደጋዎች በኋላ ነው። ማርሽ የሱሬልን ሥራ ለእንግሊዝኛ አንባቢዎች በሰፊው አስተዋወቀ።

የሰውን ሥራ ሁሉ በጥፋት አይፈርጅም። ስለ ሆላንድ ሲጽፍ አድናቆቱን አይደብቅም። ሆላንዶች ከ1849 እስከ 1852 በሦስት ታላላቅ የእንፋሎት መምጠጫ ጣቢያዎች የሐርለምን ሐይቅ አድርቀው 18,000 ሄክታር ያህል መሬት አግኝተዋል። ከባሕር ዳር የሚነሣውን አሸዋ በሣርና በዛፍ አስረው የያዙ ሕዝቦችንም ያመሰግናል። ማርሽ ለእነዚህ ሥራዎች የሰጠው ክብር ከአንድ ነገር የመነጨ ነው፤ ሠሪዎቹ ሥራቸውን ሠርተው አይሄዱም፣ ትውልድ እየተቀባበለ ይጠብቀዋል፣ ይለካዋል፣ ይጠግነዋል።

በኢጣሊያም የፖ ወንዝን ዳርቻዎች የገደቡትን የአፈር ካቦች፣ የሎምባርዲያንና የፒዬሞንቴን ጥንታዊ መስኖዎች በቅርብ ተመለከተ። ከ1863 እስከ 1866 ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የካቩር የመስኖ ቦይ የተሠራው እርሱ በዚያ አገር ሳለ ነው። ይህን ልምድ መሠረት አድርጎ ስለ መስኖ የጻፈው ሪፖርት በ1874 ለአሜሪካ መንግሥት ቀረበ። ማርሽ መስኖ የሚያስገኘውን ጥቅም ዘርዝሮ ጉዳቱንም አልደበቀም፤ ያለ በቂ ማፋሰሻ የሚጠጣ መሬት ረግረግ እንደሚሆን፣ ጨው እንደሚወጣበት፣ በሽታም እንደሚስፋፋበት አስጠነቀቀ። ከዚህም በላይ ውኃው በጥቂት ባለጸጎች እጅ ከገባ ትንሹ ገበሬ መሬቱን ሊያጣ ስለሚችል ውኃ በመንግሥት ሥልጣን ሥር መጠበቅ እንደሚገባው አሳሰበ።

የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍ በተለይ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች የሚያስደንቅ ነገር ይዟል። ማርሽ ስለ ስዌዝ ቦይ፣ ሁለቱን አሜሪካዎች ስለሚከፍለው ቦይና ስለ ሌሎችም ታላላቅ ዕቅዶች ሲናገር፣ ዓባይን ከመንገዱ የማስቀየርን አሳብም ከእነዚህ ጋር መርምሯል። የኢትዮጵያ ነገሥታት ዓባይን አግደው ግብፅን በረሃ ሊያደርጉ ይችላሉ የሚለው ወሬ በግብፅና በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲነገር የኖረ ነው። ማርሽ ወደ ኢትዮጵያ አልመጣም። ነገር ግን በዓባይ ላይ በተጓዘ ጊዜ በሁለቱ ዳርቻዎች የተነጠፈውን ጥቁር ደለል አይቷል። የዚህ ደለል አብዛኛው ክፍል ከኢትዮጵያ ደጋዎች የተነሣ አፈር ነው። ነገሥታቱ ወንዙን ያስቀይራሉ እየተባለ ሲፈራ፣ አፈሩ ግን ማንም ሳያዝዘው በየክረምቱ ይጓዝ ነበር።

የሐውልቱ ልኬትና የሕይወቱ ፍጻሜ

ማርሽ ለመሐንዲሶች የሰጠው አንድ ሌላ አገልግሎት አለ። በዋሺንግተን ከተማ ለመጀመሪያው ፕሬዚዳንት መታሰቢያ የሚሆነው ሐውልት ግንባታ በ1848 ተጀምሮ፣ በገንዘብ እጥረትና በክርክር ምክንያት በ1854 ቆሞ ለብዙ ዓመታት ተቆርጦ ቀርቶ ነበር። ሥራው እንደገና ሲጀመር ማርሽ በግብፅና በሮማ የሚገኙ ሐውልቶችን ልኬት አጥንቶ፣ የቁመቱ መጠን ከመሠረቱ ወርድ አሥር እጥፍ እንዲሆን፣ ጫፉም በሾጣጣ እንዲደፈን በ1879 በጻፈው ደብዳቤ መከረ። የሥራው ኃላፊ መሐንዲስ ቶማስ ኬሲ ምክሩን ተቀበለ። የመሠረቱ ወርድ 55 ጫማ ስለነበረ ሐውልቱ በ1884 ሲጠናቀቅ 555 ጫማ ወይም 169 ሜትር ሆነ። ማርሽ ግን ለማየት አልበቃም።

በ1874 መጽሐፉን አስፋፍቶ በአዲስ ስም ካሳተመ በኋላም እስከ መጨረሻው ማረሙንና መጨመሩን አልተወም። በጁላይ 1882 ከሮማ ሙቀት ለመሸሽ ከፊሬንዜ በስተምሥራቅ ባለው ተራራ ላይ ወደምትገኘው ቫሎምብሮዛ ወጣ። ይህች ቦታ በ1869 የኢጣሊያ የደን ትምህርት ቤት የተቋቋመባት፣ በጥንታዊ ገዳም ዙሪያ በጥድ የተሸፈነች ቦታ ናት። በዚያው ወር በ81 ዓመቱ ዐረፈ። አስከሬኑ በሮማ በፕሮቴስታንቶች መካነ መቃብር ተቀበረ።

ከእርሱ በኋላ

የማርሽ አሳብ በሕይወቱ ሳለ ፍሬ ማፍራት ጀምሮ ነበር። መጽሐፉን ያነበበው ሐኪሙ ፍራንክሊን ሀፍ በ1873 የአሜሪካ የሳይንስ ማኅበር ስለ ደን ጥበቃ ለመንግሥት አቤቱታ እንዲያቀርብ አደረገ፤ በ1876ም የመጀመሪያው የፌዴራል መንግሥት የደን ጉዳይ ባለሙያ ሆነ። በ1885 የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት የአዲሮንዳክን ደን ከለለ። በ1891 ለፕሬዚዳንቱ የመንግሥትን ደን የመከለል ሥልጣን የሚሰጥ ሕግ ወጣ።

ዳሩ ግን ማርሽ የጻፈው ሁሉ በጊዜ ፈተና አልጸናም። ሰው ካልነካት ተፈጥሮ በሚዛኗ ጸንታ ትኖራለች የሚለው አሳቡ፣ ተፈጥሮ ራሷም ያለማቋረጥ እንደምትለዋወጥ ባረጋገጡ ጥናቶች ተሻሽሏል። የሜዲትራንያን አገሮችን መራቆት በአብዛኛው በሮማውያን አገዛዝና በሕዝቡ አያያዝ ማመካኘቱም የአየር ንብረትን ድርሻ አሳንሷል። በ1908 የጦር ሠራዊቱ መሐንዲስ ሂራም ቺተንደን ለአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ፣ ደን ታላላቅ ወንዞችን ከከባድ ጎርፍ ሊያድን አይችልም ብሎ ተከራከረ፤ በዚህም ምክንያት ብርቱ ክርክር ተነሣ። ከ1910 እስከ 1926 በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት ዋገን ዊል ጋፕ በተባለ ቦታ በሁለት ጎን ለጎን ባሉ ተፋሰሶች የተደረገው ልኬት ደግሞ፣ ደን ሲቆረጥ የወንዙ ዓመታዊ ፍሰት እንደሚጨምር አሳየ፤ ዛፎች ራሳቸው ብዙ ውኃ ይጠጣሉና። ስለሆነም ደን መትከል በየትም ቦታ የምንጭን ውኃ ይጨምራል ብሎ መናገር አይቻልም። ነገሩ የሚወሰነው በአፈሩ ዓይነት፣ በተዳፋቱ፣ በዝናቡ መጠንና በዛፉ ዝርያ ነው።

እንዲህ ያለው እርማት ግን ማርሽን የሚያሳፍር አይደለም፤ እርሱ አጥብቆ ሲለምን የነበረው ይህንኑ ልኬት ነውና። አፈርን በሚመለከት የተናገረው እስከ ዛሬ ጸንቶ ይገኛል። ሽፋኑን ያጣ ተዳፋት አፈሩን ያጣል፤ አፈሩም ከታች ባለው ግድብ ውስጥ ይተኛል። ግድብ የሚሠራ መሐንዲስ በስሌቱ ውስጥ ለደለል የሚተወው ቦታ ከላይ ባለው ተራራ የሚፈጸመው ድርጊት ዋጋ ነው። ተራራው ሲራቆት ያ ዋጋ ይጨምራል፤ የግድቡም ዕድሜ ያጥራል። ዕዳውን የሚከፍለው ግን ደኑን የቆረጠው ሰው ብቻ ሳይሆን፣ ከታች የመብራቱና የመስኖው ተጠቃሚ የሆነውና ገና ያልተወለደው ጭምር ነው።

ማርሽ የተወለደበትን የውድስቶክን መሬት በ1869 ፍሬድሪክ ቢሊንግስ የተባለ ጠበቃ ገዛው። ቢሊንግስ በኋላ የታላቅ የባቡር ሐዲድ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ለመሆን የበቃ ሰው ነው። የባቡር ሐዲድ ደግሞ ለሐዲድ አጋዳሚና ለማገዶ ደን ከሚፈጁት ሥራዎች ዋነኛው ነበር። ሆኖም ቢሊንግስ የማርሽን መጽሐፍ አንብቦ ኖሮ፣ ራቁቱን የቀረውን ቶም ተራራ በሺህ በሚቆጠሩ ችግኞች ማልበስ ጀመረ፤ ሚስቱና ሴቶች ልጆቹም ከእርሱ ሞት በኋላ ሥራውን ቀጠሉ። ቦታው በ1992 የብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆኖ ተከልሏል። ማርሽ በልጅነቱ የተራቆተ ሆኖ ያየው ተራራ ዛሬ ሙሉ ደን ነው፤ እንጨቱም በሥርዓት እየተቆረጠ ጥቅም ይሰጣል።

የማርሽ ሕይወት የሚያስተምረው ከዚህ ተራራ ታሪክ ጋር የሚመሳሰል ነው። ፋብሪካ፣ መንገድ፣ ቦይና ግድብ መሥራት የማይቀር ነው፤ ማርሽም እንዲቀር አልጠየቀም። የጠየቀው፣ ሠሪው ከሥራው ጋር የሚመጣውን ያልታሰበ ውጤት ከመጀመሪያው እንዲመረምር፣ ያጎደለውንም እንዲተካ ነው። እርሱ ይህን ለመረዳት የሱፍ ፋብሪካ ማክሰር፣ ግመል ማስመጣት፣ ሦስት አህጉሮችን ማየትና ስልሳ ዓመት መኖር አስፈልጎታል። ከእርሱ በኋላ የመጣ ባለሙያ ግን ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ተጽፎ ያገኘዋል። ስለሆነም ከተራራው በታች ሥራ የሚጀምር ሁሉ አስቀድሞ ወደ ተራራው ሊወጣ ይገባዋል።